ባይፓስ

እየቀዳ ነው? ...እሺ። አውራ ዶሮው ዛሬም አብሮን ነው። ኮዬ ፈጬ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁም ያው ለምዳችሁታል።

የቅዳሜዋ ነገር አልወጣልኝ ብላ ነው። ጋሼን ከነማሲንቋቸው በፍራሽ በከለልኳት ስቱዲዮ ውስጥ ቀዳኋቸው አይደል? ኢኪው ከፈትኩ፣ የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ለየብቻ መጨመሪያ መቀነሻውን ማለቴ ነው። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ቆርጬ ጣልኩ፤ ማሲንቆ እዚያ ታች ምንም ጉዳይ የለው፣ ያለው ከቱሉ ዲምቱ መንገድ የሚመጣ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ነው። ከዚያ ደጋኑ ጭራውን ሲፈትገው ጆሮ የሚቧጥጥ ነገር አለ። አንዷን ነጥብ ጠበብ አድርጌ ሽቅብ ሰቀልኳትና ወዲያ ወዲህ እየጎተትኩ ፈለግኩት። 3000 አካባቢ። ያዝኩህ!

ስፒከሩን ከፈትኩ፣ ጋሼ ጎኔ ቁጭ አሉ። ሁለት ዴሲቤል ቀነስኩ።

«አሁንስ ጋሼ?»

«ተሻለ።»

250 ላይ ትንሽ ጨመርኩ። ወፈር አለ፤ እኔ ራሴ ሰማሁት እኮ! ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሰይ ልጄ፣ አሁን የእኔ ሆነ» አሉ።

አሁን የእኔ ሆነ።

ሩብ ሰዓት እንዲህ ቆየን። ሴቭ ላድርግ ስል ባይፓሱ፣ ኢኪው እንዳይሠራ የሚያደርገው ቁልፍ፣ በርቷል። ቅድም ላነጻጽር ተጭኜው ረስቼዋለሁ። ሩብ ሰዓት ሙሉ የነካሁት ነገር የለም!

ሳቁ እሺ። እኔም ስቄ ነበር። ቡና ቀረበ፣ ዝም አልኩ።

ጋሼስ ይሉኝታ ይዟቸው ነው እንበል። ወይ ከመጀመሪያውም ወደውት ነበር፣ እኔ ነኝ የማላስቀምጣቸው። ግን እኔስ? እኔ ለማን ብዬ ነው የሰማሁት? ስትጨምር ድምፁ ከፍ ስለሚል ጆሮ ይሸወዳል፣ መጠኑን እኩል አድርጋችሁ አወዳድሩ እያልኩ ስሰብካችሁ የከረምኩት ሰውዬ... እዚህ የጨመረ ነገርም የለማ። እጄ ሲዞር ነው የሰማሁት።

እና በፊት የሠራኋቸው፣ ገንዘብ የተቀበልኩባቸው... ተዉት። እሱን አልከፍተውም።

ትናንት ጋሼ ደወሉ። «ያችን ያስተካከልካትን ላክልኝ።» ሁለቱንም ከፍቼ ተቀምጫለሁ፣ ኢኪው የበራበትን የጠፋበትን። የበራበት ንጹህ ነው። ንጹህ ነው፣ ግን ያ መቧጠጡ... ቆይ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ። አይ፣ አለ። እና የትኛውን...