ገንዘቡን መቆሚያው ላይ አውጡት

የተከበራችሁ የሰማይ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የኦሪዮን ኔቡላን፣ ማለትም በኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ፎቶ ማንሳት የፈለገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ቴሌስኮፕ ልግዛ?» ብሎ ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 80 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ይበቃል። ዋጋ ሊወጣበት የሚገባው ባለሞተሩ መቆሚያ ነው። ሰማዩ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ይዞራል፤ የትኩረት ርዝመቱ 480 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ መቆሚያው ካልተከተለው ኮከቡ በሰከንድ አንድ አሥረኛ አንድ ፒክስል (የፎቶው ትንሿ ነጥብ) ያልፋል። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪ ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1880 ይህን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ሲያነሳ 50 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶበታል።

መቆሚያው ኮከቡን በትክክል እንዲከተል የሚዞርበት ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ ወደሚዞርበት የሰሜን ኮከብ አጠገብ ያለ ነጥብ፣ መቀሰር አለበት። አዲስ አበባ ላይ ጣጣው ይኼ ነው፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በ9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ተራራ ወይም የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል። ስለዚህ ኮከቡ የሚንሸራተትበትን አቅጣጫ እያያችሁ አስተካክሉ። በስተደቡብ ከፍ ብሎ፣ ከምድር ወገብ በላይ ባለው የሰማይ መስመር አካባቢ ያለ ኮከብ ያዙና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አጋድሏል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ በምሥራቅ ዝቅ ያለ ኮከብ ያዙ፦ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሆነ ከፍ ብሏል። ሁለቱንም ደጋግሙ። ዘንጉ እዚህ አገር አግድም ሊሆን ምንም ስለማይቀረው የሚዛኑ ብረት የትራይፖዱን እግር ይመታል፤ ሁለቱን እግሮች ወደ ሰሜን፣ አንዱን ወደ ደቡብ አድርጉ።

ፎከሱን በደማቅ ኮከብ፣ በባቲኖቭ ጭንብል (ቴሌስኮፑ ፊት በሚደረግ፣ ፎከሱ መስተካከሉን በብርሃን መስመሮች በሚያሳይ ባለ ስንጥቅ ክዳን) ያዙት፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚዛነፍ በየሰዓቱ እዩት።

የኔቡላው እምብርት ላይ ትራፔዚየም የተባሉት አራት ኮከቦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የኔቡላውን ደብዛዛ ክንፎች ለማውጣት 120 ሰከንድ ስትሰጡ እምብርቱ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፤ አራቱም አንድ የብርሃን ጉብታ ይሆናሉ። ሶፍትዌር ያንን አይመልሰውም። በአይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) 800፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል)፣ 30 ፍሬም በ120 ሰከንድ፣ 20 ፍሬም ደግሞ በ5 ሰከንድ አንሱና እምብርቱን ከአጭሮቹ ውሰዱ። ቀዩ ደብዝዞ ከወጣባችሁ አትደንግጡ፤ ተራ ካሜራ ውስጥ ያለው ማጣሪያ የሃይድሮጅኑን 656 ናኖሜትር ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል። ሌንሱን ከድናችሁ 20 ዳርክ (የካሜራውን ጉድፍ ለመቀነስ የሚነሳ ጨለማ ፍሬም)፣ ጎሕ ሲቀድ 20 ፍላት (የአቧራን ጥላና የጠርዝ ጨለማን ለማስተካከል የሚነሳ ወጥ ብሩህ ፍሬም) ጨምሩ።

በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኔቡላው ከፍታው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ያኔ ቴሌስኮፑን ወደ መቆሚያው ሌላ ጎን ታዞሩታላችሁ። ገመዱን በእጃችሁ ያዙት፤ ተጠምጥሞ ካሜራውን ከሶኬቱ ይነቅለዋል።

አመሰግናለሁ።