እሺ ልጄ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ሌላ ነበር፤ ማስታወሻውም ፊቴ ተዘርግቷል። ግን የእሑዱ እራት ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። አዎ፣ የሥጋ ሙቀት የምለካበትን ቴርሞሜትር ይዤ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ።

ስቴኩ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። 40 ደቂቃ ቀደም ብዬ ጨው ነሰነስኩበት፣ ላዩን አደረቅሁት፣ ፍርግርጉ እስኪግል ጠበቅሁ። መሃሉ 54 ዲግሪ ሲደርስ አነሳሁት። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማረፍ ነበረበት። ፓስታው ግን ማን ያሳርፈዋል? ሥጋ ሲያርፍ ይጣፍጣል፣ ፓስታ ሲቆይ ያብጣል። ተጣደፍኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ሥጋውን ከፓስታው ጎን አቀረብኩ።

አባቴ ቆረጡ። ቀዩ ውሃ ከሥጋው ሥር ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ ፓስታው ሄደ። በቅቤና በአይብ፣ በተቀቀለበት ውሃ አለስልሼ የሠራሁት ነጭ ፓስታ ነው፤ ምንም አይደብቅም። የአንዷ ዘለላ ጫፍ ሮዝ ሆነ። አባቴ እሷን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

እኔን ማን ጠየቀኝ? “ደም አይደለም” አልኩ። “ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው፤ ደሙማ ከብቱ ሲታረድ ወጥቷል።” በእራት ገበታ ላይ “ሲታረድ”! የእህቴ ልጅ ሹካዋን አስቀመጠች። እኔ ግን አላቆምኩም። ኃይለኛ እሳት የሥጋን ጭማቂ ያሽጋል ስለሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ሊቢግ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ስላስፋፋው፣ ስህተት ስለመሆኑ... በነገራችን ላይ በእርግጥም ስህተት ነው፤ አያሽግም። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሁሉ ሲደግመው እሰማለሁ፣ ያናድደኛል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። አባቴ “እሺ ልጄ” አሉ። ያችን ሮዝ ፓስታ በሹካቸው ጠቅልለው ጎረሱ።

የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነው። ግን ውሃው የፈሰሰው ስለተጣደፍኩ መሆኑን አልተናገርኩም። ደግሞም አባቴ በደንብ የበሰለ ሥጋ ነው የሚወዱት። አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የእሳቸውን ቁራጭ ብቻ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ባቆየው ምን ይጎድልብኝ ነበር? ይደርቃል። ይድረቅ! የሚበሉት እሳቸው ናቸው። ወይስ... አይ፣ ምናልባት ወደውት ይሆናል። ሳህኑ ባዶ ነበር። ባዶ ሳህን ግን ምን ይነግረኛል? እሳቸው የቀረበላቸውን ትተው አያውቁም።

ትናንት ደውለው “ፓስታው ጥሩ ነበር” አሉኝ።

ፓስታው እኮ አብጦ ነበር። ብቻ... ማስታወሻዬ ላይ ያለውን ልጀምርላችሁ? ሰዓቱም ሄዷል።