እጁ ያጋለጠው ልብስ ሰፊ

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ከጀርባ የሚንጫጫው የጎረቤት ጄኔሬተር ነው፣ ቻሉት። እዚህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ላፕቶፔ ትንሽ ቻርጅ አለው፤ እሱ እስኪያልቅ እናወራለን።

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ መብራት ጠፍቶ፣ ዳታም አልቆብኝ፣ ጓደኛዬ ያዋሰችኝን ሃርድ ዲስክ ስበረብር ነው ያገኘሁት። «ላቭ ሚ ቱናይት» ይላል። በፈረንጅ 1932 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ዘፈን ያለበት የፍቅር ኮሜዲ ፊልም። እውነቱን ልንገራችሁ? ሌላ ምርጫ ቢኖረኝ አልከፍተውም ነበር። እኔ ሰው ወሬውን አቋርጦ ድንገት መዝፈን ሲጀምር አፍርለታለሁ።

ከፈትኩት። ፓሪስ፣ ገና ሲነጋ። አንድ ሠራተኛ መንገዱን በዶማ ይመታል። አንዷ ደጇን ትጠርጋለች። ጫማ ሰሪዎች መዶሻቸውን ያነሳሉ። አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ ሲደረብ፣ ሲደረብ፣ ሳታስቡት ከተማው በሙሉ ምት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማንም አፉን ሳይከፍት ሙዚቃው ተጀምሯል! በነጋታው በረንዳዬ ላይ ቆሜ ያንኑ እዚህ ሞከርኩት። ልዋጭ የሚለው ልጅ አለ፣ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ረዳት አለ፣ ከታች ፎቅ ቡና የምትወቅጥ አለች። አልገጠመም። ቡና ወቃጯ ቸኩላለች።

ዳይሬክተሩ ሩበን ማሙሊያን ነው፣ ትብሊሲ የተወለደ አርመን። አርመንና ሙዚቃ ሲባል ደግሞ እኛ ጆሯችን ይቆማል፤ በ1924 በፈረንጅ ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ ልጆች የማያውቅ የለም። ዝምድና የለውም፣ ዝም ብዬ ነው። ደስ ስላለኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሞሪስ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚጫወተው ሞሪስ ሼቫሊዬ ነው። አንድ መኳንንት ልብስ በልብስ አሰፍቶ ሳይከፍል ይጠፋል። ሞሪስ ዕዳውን ሊያስከፍል ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። ሰውዬው አጎቱን ስለሚፈራ፣ «ጓደኛዬ ነው፣ ባሮን ነው» ብሎ፣ የመኳንንት ማዕረግ ሰጥቶ ያስተዋውቀዋል። እዚያ ቤት ደግሞ ልዕልት አለች፣ ጃኔት ማክዶናልድ። የቀረውን ትገምቱታላችሁ።

የማትገምቱት ዘፈኑን ነው። ሮጀርስ እና ሃርት ናቸው የጻፉት፣ «ኢዝንት ኢት ሮማንቲክ» ይባላል። ሞሪስ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሲያስለካ ይጀምረዋል። ደንበኛው እያንጎራጎረ ይወጣል፣ ባለታክሲው ይቀበለዋል፣ ተሳፋሪው ይቀበላል፣ ባቡር ላይ ወታደሮች ይይዙታል፣ በሰልፍ እየዘፈኑት ሜዳውን ያቋርጣሉ፣ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ይሰማና ወደ ሰፈሩ ይወስደዋል፣ ከዚያ ሌሊት በረንዳዋ ላይ የቆመችው ልዕልት ጆሮ ይደርሳል። እሷም ትቀጥላለች። ገና አልተያዩም እኮ! እሷ ዘፈኑ ከየት እንደመጣ አታውቅም፣ እሱም የት እንደደረሰ አያውቅም። እዚህ ጋ ማፈሬን ረሳሁት። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት፣ ባትሪው እያለቀ።

ሌላው የገረመኝ ሞሪስ እንዴት እንደሚጋለጥ ነው። ማንም አልነገረበትም። የልዕልቲቱ የፈረስ ግልቢያ ልብስ አላምረው ይላል። ክፉኛ ነው የተሰፋው። መታገስ አቃተው። ለክቶ፣ ቀዶ፣ እንደገና ሰፋው። ታዲያ የሚያምር ሆኖ ቁጭ አለና ጉድ ፈላ፤ ባሮን እንዲህ አይሰፋም። እጁ አጋለጠው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ «ለካ ልብስ ሰፊ ነው!» እያለ ይዘፍናል። መኳንንቱ ብቻ ቢሆኑ ይሁን፣ ሎሌዎቹም፣ ልብስ አጣቢዋም ተዋረድን ብለው ይናደዳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሳቅሁ፣ ትንሽም ከነከነኝ። ምኒልክ እኮ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው። የሚሰድበው ደግሞ ያንኑ ሸማ ለብሶ ነው።

መጨረሻውን ልንገራችሁ? እነግራችኋለሁ፣ የ1932 ፊልም ነው፣ አትቆጡ። ሞሪስ በባቡር ሊሄድ ነው። ልዕልቲቱ ፈረስ ጋልባ ባቡሩን ትቀድምና ሐዲዱ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እሷ እሱን ስታሳድድ! በዚያ ዘመን!

አሜሪካኖቹ በፈረንጅ 1990 ሊጠበቁ ይገባል ካሏቸው ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብተውታል፤ ግን እስኪ የሙዚቃ ፊልም የሚወድ ሰው ጠይቁ፣ ሌሎቹን ሁለት ሦስት ይጠራላችኋል እንጂ ይሄን አያነሳም። አሁን ያለው ቅጂ ራሱ ሙሉ አይደለም። ኋላ ላይ እንደገና ሲታይ ሳንሱር ቆርጦታል፣ የተቆረጠውም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያናድዳል።

እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ። የእኛ ብሎክ ሥር ልብስ የሚሰፉ ጋሼ አሉ፣ በፔዳል የምትሠራ ሲንጀር አላቸው። ትናንት ዚፕ ላሠራ ሄጄ ታሪኩን ሁሉ ተረኩላቸው፤ ዘፈኑን፣ ልዕልቲቱን፣ ባቡሩን። ፔዳሉን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ስጨርስ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉና፣

«ዕዳውስ ተከፈለው ልጄ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ለካ እኔ ፍቅሩን ሳይ ዕዳውን ረስቼው ነበር! እሳቸው ግን አልሳቁም። መሳቢያውን ከፍተው ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ ደብተር አወጡ። ስም፣ ሱሪ፣ ብር። ስም፣ ዩኒፎርም፣ ብር። ሁለተኛው ገጽ ላይ የኔ ስም አለ። ቀሚስ ማሳጠር፣ 150 ብር፣ ከፋሲካ በፊት።

ላፕቶፑ ቀይ አበራ። ወርጄ ልክፈላቸው። ቻው።