እቁብ ነው እድር?

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀዩዋ በርታለች። ባለፈው ስለ ፍሪጁ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ፍሪጁ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር። ዛሬ ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እዚህ ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ያሉት ልብስ ሰፊዎች አሉ አይደል? ባለቤቱ የስፌት መኪኖቹን ሸጦ ሊሄድ ነው ያልኳችሁ። እኔ አፌ አያርፍም፣ "ለምን እናንተው ተደራጅታችሁ አትገዟቸውም?" አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ተሰበሰብን። በርጫ ላይ። ስህተቱ እዚያ ላይ ይሆን? አቦ፣ ሐረር ውስጥ በርጫ ላይ ያልተቋቋመ ድርጅት የለም። ምርቃናው ሲሰበር አብሮ ይፈርሳል እንጂ። ብቻ እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 አልኩ። አንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ብዙ አክሲዮን ያለውም ያው አንድ ነው አልኩ። የስፔኑን የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ሞንድራጎንን ሳይቀር አመጣሁ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1956 በአንዲት ትንሽ ፋብሪካ ተጀምሮ ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ አለው። ልጆቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከሰፊዎቹ አንዱ፣ ጋሼ፣ ጥግ ላይ ነበሩ። ዝም ብለው ቆዩና፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር እቁብ ነው እድር?" አሉ።

እኔም ቀበል አድርጌ፣ "ሁለቱም ነው ጋሼ!" አልኩ። ቤቱ ሳቀ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

እሳቸው አልሳቁም። "እቁብ ከሆነ ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። እድር ከሆነ ባይደርሰኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱም ከሆነ መቼ ነው ደስ የሚለኝ?"

ውሃ ጠጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ይኸው አራት ቀን፣ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን እመልስላቸዋለሁ። አንዴ "እንደ አፎቻ ቁጠሩት" እላለሁ። ግን አፎቻ የሐረሪዎች የሠርግና የለቅሶ መረዳጃ ነው፣ መኪና አይገዛም። ሲከስርስ? ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ክር እንኳ ዛሬ በገዛህበት ዋጋ ነገ አታገኘውም። በዚህ ጊዜ ነው ያጠራቀሙትን አውጡ የምላቸው።

ደግሞ እኔ "ማኅበር" ስል እሳቸው የሚሰሙት የደርግን ነው። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው የአምራቾች ማኅበሩን በትኖ በሬውን እየነዳ ቤቱ ገባ። ያኔ ግን በግድ ነበር፣ ይሄ በውዴታ ነው። በውዴታ... እኔ ነኝ እኮ የጠራኋቸው። በርጫውንም የገዛሁት እኔ ነኝ።

ተዉት። ሱሪዬ ሰፍቶኛል፣ መክሳቴን ታውቃላችሁ፣ አትሳቁ። ዛሬ ጠዋት ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ስለ ሐሙሱ ትንፍሽ አላሉም። ለኩ፣ በኖራ አሰመሩ፣ "ቅዳሜ ና" አሉኝ።

ቅዳሜ ደግሞ መኪኖቹን የሚያይ ገዢ ከድሬ ይመጣል ተብሏል። ለጋሼ አልነገሯቸው ይሆን? ወይስ...

ቆይ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ።