«ልጄ ከመቶ 14 አመጣ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የስልክ ሰዓታችን ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሕጻናት የአእምሮ ችሎታ ፈተና ነበሩ። ሦስቱን እዚህ ጽፌ መልሻለሁ።

እናት፣ ከአዘዞ፦ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ኬጂ በገባ በሁለት ወሩ መምህሩ «ቀርፋፋ ነው» ስላለችኝ አስፈተንኩት። ወረቀቱ 84 ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ 14። ከመቶ 14 ብቻ? ዘገምተኛ ነው ማለት ነው? እንቅልፍ አጣሁ።

አይደለም፣ እህቴ። መጀመሪያ ይህን 14 ከልብዎ ያውጡት፤ ማርክ አይደለም። መቶ እኩዮቹን በውጤታቸው ከታች ወደ ላይ ብናሰልፍ፣ ልጅዎ 14 ያህሉን ቀድሞ ይቆማል ማለት ነው። 84ም ቢሆን ከመቶ የተሰጠ ውጤት አይደለም። የፈተናው አማካይ 100 እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሦስት ልጆች የሁለቱ ያህል ውጤት ከ85 እስከ 115 ይውላል። የእርስዎ ልጅ በአንድ ነጥብ ነው ዝቅ ያለው። ፈተናው ራሱ ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም አምስት ነጥብ ያህል ሊስት ይችላል።

ስልኩን ሳይዘጉ የውስጥ ገጹን አንብበውልኛል፦ ቃላት 97፣ ፍጥነት 74። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት የሚለካው ልጁ ሰዓት እየተያዘበት ሥዕሎች ላይ ቶሎ ቶሎ ምልክት ሲያደርግ ነው። እርሳስ መቼ ያዘ ብዬ ብጠይቅዎ «መስከረም ላይ» አሉኝ። የተፈተነው ኅዳር ነው። ያልለመደ እጅ እንዴት ይፍጠን?

የአእምሮ እድገት ውስንነት አለ ለማለት ውጤቱ 70 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በዚያ ላይ የዕለት ኑሮው ከእኩዮቹ በጣም ወደኋላ የቀረ መሆን አለበት። የእርስዎ ልጅ ልብሱን ራሱ ይለብሳል፤ ሱቅ ተልኮ ሳሙናውንም መልሱንም ይዞ ይመጣል። አምና ጥምቀት ላይ ወጣቶቹ ፋሲለደስ መዋኛ ሲዘሉ ያየውን እስካሁን ያወራል ብለውኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጆሮውንና ዓይኑን ያስመርምሩ። አንድ ጊዜ የፈተንኩት ልጅ ፊቱን ከአፌ ላይ አይነቅልም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስጠይቀው ዝም ይላል። ለካ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ በደንብ አይሰማም ነበር። እናቱ «እልኸኛ ነው» እያለች ስትቀጣው ከርማለች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አባት፣ ከማራኪ፦ የአራት ዓመት ልጄ 131 አመጣች። አንደኛ ክፍል ላስገባት?

እንኳን ደስ አለዎት፤ እዚህ የሚደርሱት ከመቶ ሁለት ያህሉ ናቸው። ግን አይቸኩሉ። በአራት ዓመት የተለካ ቁጥር በስምንት ዓመት ሲለካ 10 ወይም 15 ነጥብ ሊለዋወጥ ይችላል። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ቁጭ ብላ መዋሏን፣ ስትሸነፍ አለማልቀሷን ፈተናው አያይም። ተረት ይንገሯት፤ «ለምን?» ስትል ሳይሰለቹ ይመልሱላት። ቁጥሩን በወንድሞቿ ፊት አያንሱ።

በጽሑፍ፣ ከአራዳ፦ ትምህርት ቤቱ ልጄን በእንግሊዝኛ ፈትኗት ውጤቷ ዝቅ ስላለ አንቀበልም አሉን። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ ላስፈትናት?

ይህ በጣም ያሳዝናል። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፍሬድ ቢኔ በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ይህን ዓይነት ፈተና ያዘጋጀው እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች ለመለየት ነበር። እናንተ ጋ በር መዝጊያ ሆነ።

ያንኑ ፈተና በወሩ አይድገሙት። ጥያቄዎቹን ስለምታስታውስ ውጤቷ ከፍ ቢል እንኳ አይታመንም፤ ቢያንስ ዓመት ይቆይ። ግን ቤታችሁ የሚወራው አማርኛ ከሆነ፣ የተለካው እንግሊዝኛዋ ነው። ወረቀቱን ይዘው ይመለሱና ፈታኙን ያነጋግሩ። በሌላ ፈተና፣ በአማርኛ ትጠየቅ።