ቁጥር 28

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የጎረቤት ውሻ በመሀል ከጮኸ እኔ አይደለሁም።

መጽሐፈ ምሳሌን በቀን አንድ ምዕራፍ ማንበብ ልማዴ ሆኗል። ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ 31 ምዕራፍ ነው፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ አይቶ ያንኑ መግለጥ ነው። 31 ቀን ባላቸው የፈረንጆቹ ወራት ልክክ ይላል። የኛ ወር ግን 30 ላይ ያልቅና 31ኛው ምዕራፍ ሜዳ ላይ ይቀራል። ያ የንጉሥ ልሙኤል እናት ምክር፣ ያቺ ልባም ሴት ያለችበት! እኔ ለጳጉሜን አቆየዋለሁ፤ ወሩን ሙሉ እሱኑ እደጋግማለሁ። ያው አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ቀን ነው።

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስ፣ አቧራ መዋጥ። ለዚህ ነው መሰለኝ የ25ኛውን ምዕራፍ የመጀመሪያ መስመር የምወዳት። እነዚህን የሰሎሞን ምሳሌዎች የቀዷቸው የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ሰዎች ናቸው ትላለች። የኔ ቢጤዎች! ስማቸው እንኳ አልተጻፈም፤ የገለበጡት ግን እኔ ጋ ደርሷል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጥቅምት 3 ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ምዕራፍ 3ን ገለጥኩ። ቁጥር 5፣ "በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፣ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ።" የማያውቃት የለም፤ የታክሲ መስታወት ላይ ሳይቀር ትለጠፋለች። ፎቶ አንሥቼ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኳት። የቀረውን ምዕራፍ መውረጃዬ ሳይደርስ ሮጥ ሮጥ አድርጌ ጨረስኩ።

ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ አንድ አባት መጡ። ጋቢ ለብሰዋል። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በሌላ ፌስታል። የፋይል ቁጥራቸውን ነገሩኝ። የት እንዳለ አውቀዋለሁ። ከኋላዬ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጠዋት ራሴ የመለስኩት ነው። ግን ምሳ ዕቃዬን ከፍቻለሁ፤ ልጆቹም እየጠበቁኝ ነው።

"አባባ፣ ነገ ይመለሱ።"

"እሺ ልጄ" ብለው ወጡ። ክርክር የለ፣ ምን የለ።

ማታ እህቴ ለልጥፌ መልስ ጻፈችልኝ። እሷም የዚያን ዕለት ሌላ ቢሮ ሄዳ "ነገ ተመለሺ" ተብላ ተናዳ ነበር። "ቁጥር 28ንስ ለምን አትለጥፊያትም?" አለችኝ። ገለጥኩ። ወዳጅህ የሚፈልገው ነገር እጅህ ላይ እያለ "ሂድና ተመለስ፣ ነገ እሰጥሃለሁ" አትበለው ነው የሚለው። እኔ እኮ "ነገ ተመለስ" የኛ ቢሮ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያኔም ነበረ!

እህቴ ስለኔ የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ግን ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ጠዋት ያቺን ቁጥር አንብቤያታለሁ እኮ። ዓይኔ አልፎባታል። የሚያጽናናኝ ላይ ቆሜ፣ የሚያዘኝን ዘልዬ። ታመኚ ያለኝና ፋይሉን ስጪያቸው ያለኝ ግን አንድ ገጽ ላይ ናቸው። በነገራችን ላይ ጾምም ጸሎትም አላጓደልኩም ነበር ያን ሳምንት።

በማግስቱ ስደርስ በሩ ላይ ቆመዋል። ፋይሉን አወጣሁ፣ የሚፈልጉትን ኮፒ ሰጠኋቸው። አራት ደቂቃ አልፈጀም። የት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው። አውቶብሱ አምልጧቸው ዘመድ ቤት ነው ያደሩት። ከዚያ መረቁኝ። "እጅሽ ይባረክ፣ ከክፉ ይሰውርሽ" አሉኝ። ምነው በተቆጡኝ ኖሮ።

ትናንት ኅዳር 3 ነበር። ይኸው ምዕራፍ ዞሮ መጣ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት እናት መጡ፤ ቀኑ ራሱ የላካቸው ነው የሚመስለው። ሽሮዬን ከድኜ ተነሣሁ። መደርደሪያው ላይ የለም። ወለሉ ላይ የተቆለለውንም አገላበጥኩ፤ የለም። እጄ ላይ የሌለውን ከየት አመጣለሁ? ግን "ነገ ይመለሱ" ማለት አፌ እምቢ አለ። ስልክ ቁጥራቸውን ጽፌ ያዝኩ።

ዛሬ ጠዋት ፋይሉ አንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጋዜጣ ሥር ተገኘ። ሁለቴ ደወልኩላቸው፤ አይነሣም። ቀረጻውን እዚህ ላይ ላቁመውና አንዴ ልሞክርላቸው።