እንዴት ከረማችሁ? ስለ ዝናብ የተደረገ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት በዚህ በሰኔ መጨረሻ ከእናንተ ጋር እንድነጋገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አማርኛን ሳስተምር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ዛሬ የምናገረው አሁን ከራሳችን በላይ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ዝናብ ነው፤ መነሻዬ ግን ያው ቋንቋው ነው።

ሰው ስናገኝ የምንለውን እናስታውስ። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ»፣ ማታ «እንዴት ዋላችሁ» እንላለን፤ ጥቂት ቀናት ተለያይተን ከሆነ «እንዴት ሰነበታችሁ»፣ ወራት ካለፉ ደግሞ «እንዴት ከረማችሁ» እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰላምታዎች የሚለኩት በብርሃንና በጨለማ ነው፤ ሦስተኛው በሰንበት፣ አራተኛው በዝናብ። ከረመ ማለት ክረምትን አሳለፈ ማለት ነውና፣ መጪውን ዓመት «ከርሞ» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። ወንዙ ሞልቶ፣ መሻገሪያው ተዘግቶ፣ ዘመድ ከዘመዱ ሳይጠያየቅ የሚቆይበት ወቅት ለረጅም መለያየት ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ስልክ ደውሎ «እንዴት ከረማችሁ» የሚለን ልጃችን፣ ልብ ቢለውም ባይለውም፣ በደጋው ዝናብ እየቆጠረ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁን ሲያስነግሩ የሸዋን ሰው ወረኢሉ ላይ እንዲያገኛቸው የቀጠሩት ለጥቅምት እኩሌታ ነበር። በጥቅምት ጅረቱ ይጎድላል፣ ጭቃው ይጠነክራል፣ እሸቱ ይደርሳል፤ ስንቅ የጫነ አህያና በቅሎ መንገዱን የሚችለውም ያን ጊዜ ነው። የዐድዋ ዘመቻ እንኳ የተነሣው ዝናቡ ሲወጣ ነው። እናንተ ተማሪዎች ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን የምታርፉትም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ የዕረፍታችሁን ጊዜ የወሰነው ክረምቱ ነው።

ክረምትን በጥልቀት ካሰቡበት ሰዎች መካከል የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በእነርሱ አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን እንደ አንድ ጨለማ አላዩትም፤ ከፋፍለው ለየክፍሉ ስም አወጡለት። በመጀመሪያ የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ቀጥሎ መብረቁና ነጎድጓዱ የሚያይልበት፣ ወንዞችም የሚሞሉበት ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚያበላት የሌላት የቁራ ጫጩት እንኳ ከፈጣሪ ምግቧን እንደምታገኝ የሚታሰብበት ጊዜ አለ፤ በነሐሴ መጨረሻም ጎሐ ጽባሕ፣ የንጋት ወጋገን፣ ይገባል። በቅዱስ ያሬድ ድጓ ውስጥ «ደምፀ እገሪሁ ለዝናም» የሚል ቃል አለ፤ የዝናብ የእግሩ ድምፅ ተሰማ ማለት ነው። ዝናብ በዚህ ዜማ እግር አለው፤ ከሩቅ እንደሚመጣ እንግዳ ኮቴው ይሰማል። ቀጥሎም ዝናብ ሲዘንብ ነዳያን ይደሰታሉ ይላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ደስታው ለማን እንደ ተሰጠ ነው። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው ዝናቡ በሳምንት ቢዘገይ እንቅልፉን አያጣም፤ በሰኔ ሌሊት ጆሮውን ወደ ጣራው አቁሞ የሚያዳምጠው የአምናው እህል ያለቀበት ሰው ነው።

ይህን ስናገር የማስባት እናቴን ነው። በሰኔ ወር ጎታው ሲጎድል የቀረውን እህል በሁለት ትከፍለው ነበር፤ አንዱ ለዘር፣ አንዱ ለቤት። ልጆቿ እራት አንሶን ብናለቅስ እንኳ ዘሩን አትነካውም ነበር። ገበሬ ዘሩን ከልጁ አፍ ከልክሎ ለጭቃ የሚሰጠው ደመናን አምኖ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አደራ ምን እንደሆነ አላውቅም። «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» የሚለው አነጋገር ከምን ዓይነት ጭንቀት እንደ ወጣ የገባኝ የእናቴን ፊት ካስታወስኩ በኋላ ነው፤ ሰኔ ያለቀ እህልና ያላለቀ እርሻ የሚገናኙበት ወር ነው።

ዝናቡን እንዲህ በጭንቀት የሚጠብቅ ሕዝብ ስሞቹንም አብዝቶ ያውቃል። ሲጀምር ያካፋል፤ ሲበረታ ዶፉን ይለቀዋል። ነፋስ ተቀላቅሎት በበርና በመስኮት ሲገባ ወጨፎ ይባላል። ጠዋት ጀምሮ ሳይበረታ ሳያቆምም ሲውል እኝኝ አለ እንላለን፤ ሲያቆም አባራ፣ ሰማዩ ሲጠራ ብራ ሆነ እንላለን። በሰማይ የሚዘረጋው ባለ ብዙ ቀለም ቅስት የማርያም መቀነት ነው። ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ ደግሞ ልጆች ጅብ ወለደች ብለው ይጮኻሉ። ዛሬ በከተማ ያሉ ልጆች ከእነዚህ ስንቱን ያውቃሉ? ብዙዎቹ የሚያውቁት «ዘነበ»ን ብቻ ነው። እኛ አዋቂዎችም የምናስተምራቸው ዝናብ ማለት የመኪና መጨናነቅ፣ የተበላሸ ጫማና የተቋረጠ መብራት እንደሆነ ነው፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

የልጆች ክረምት ግን ገና አልጠፋም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ጅራፉ ይጮኻል፣ ችቦው ይበራል፣ ልጆች ዱላቸውን እየመቱ ከደጅ ደጅ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፣ ሙልሙል ዳቦም ይቀበላሉ። አባቶቻችን ጅራፉ ሲጮኽ የነጎድጓድ ድምፅ ነው ይሉናል። ሽማግሌዎችም «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላም እንደሚዘንብ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን የክረምቱ ጀርባ ተሰብሯል ማለታቸው ነው። ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ ደግሞ እንደ ጸበል ይቆጠራል። በሌላ ቀን «ዝናብ እንዳይመታህ!» ብላ የምትቆጣ እናት በዚያ ቀን ልጇን ራሷ ወደ ደጅ ታወጣዋለች፤ ልጆቹም ራቁታቸውን እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ይላሉ። በልጅነቴ የጠጣሁት ያ የሰማይ ውኃ እስካሁን ከምላሴ አልጠፋም።

በቢሾፍቱ፣ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር፣ ከመስቀል በኋላ የሚከበረው ኢሬቻ የዚሁ ምሥጋና ሌላ ፊት ነው። የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ከጨለማው የዝናብ ወቅት ወደ ብርሃኑ ላሻገረው ዋቃ ምሥጋና ያቀርባል፤ በበጋ ደግሞ በተራራ ላይ ተሰብስቦ ዝናብን ይለምናል። ያ ከክረምት በኋላ ያለው ወቅት በኦሮምኛ ብራ ይባላል፤ በአማርኛም የጠራ ሰማይ ብራ ነው። ከደመና በኋላ ለምናየው ሰማይ አንድ ቃል የምንጋራ ሰዎች መሆናችን ደስ ይለኛል።

ዝናባችን ድንበር ተሻግሮም ሌላ ሕዝብ አኑሯል። የዓባይ ውኃ አምስት እጅ ቢሆን አራቱ እጅ ያህል የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። የጥንት ግብፃውያን ዓመታቸውን የከፈቱት በወንዙ ሙላት ነበር፤ ያ ሙላት የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በየዓመቱ የተሞላው በዚሁ ዝናብ ነው። ስለ ተርባይኑ ብዙ እናወራለን፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ደመና ግን ያው ያሬድ ኮቴውን የሰማው ነው።

ዝናቡ የቀረበትን ዘመንም ልንሸሸው አንችልም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ በዚህ አዳራሽ አላችሁ። በ2007 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ክረምቱ ሲከዳ በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንዱ ደጅ ምሕላ፣ በሌላው ዱዓ ይያዛል፤ ጸሎቱ በሁለት ቋንቋ ይደረግ እንጂ ቀና ተብሎ የሚታየው ሰማይ አንድ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ ከተማሪዎች አንድ ነገር እለምናለሁ። በዚህ ክረምት ወደ አያቶቻችሁ ስትሄዱ፣ ወይም አያት ቤታችሁ ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ በእርሳቸው አገር ስለ ዝናብ የሚባለውን ጠይቁ። ቀላሉ ዝናብ ምን ይባላል? ክረምቱ ሊገባ ሲል ገበሬው የሚያየው ምልክት የትኛው ወፍ ነው፣ የትኛው ነፋስ ነው? ጤፉ የሚዘራው ከየትኛው በዓል በኋላ ነው? እረኛው ገሳ የሚሠራው ከምን ሣር ነው? አማርኛ ብቻ አይሁን፤ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ፣ በሶማሊኛ የሰማችሁትን እንዳለ በድምፁ ጻፉት። የነገሯችሁን ሰው ዕድሜና የትውልድ ቦታ አትርሱ።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ደብተር አስቀምጫለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እናቴ ትጠቀምባቸው የነበሩ አሥራ አንድ ቃላት ጽፌያለሁ፤ ቀሪው ባዶ ነው። ወላጆችም ዛሬ ስትወጡ አንድ ቃል ቢሆን ጻፉልን፤ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ጊዜ አለን። መስከረም ላይ በደኅና ተገናኝተን እንዴት ከረማችሁ እስክንባባል ድረስ ደኅና ክረሙ። አመሰግናለሁ።